የደፈንነው ጉድጓድ

በዚህ ሰሞን ለአዲሱ የውሃ መስመር ቦይ የሚቆፍሩት ሰዎች ደጃፌ ደርሰዋል። አንድ ቀን ጠዋት በሩን ስከፍት ከሥር የወጣው ጥቁር አፈር አጥሬ ሥር ተቆልሏል፤ እርጥብ ነው። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ ደፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ከቆፋሪዎቹ አንዷ፣ ጎልማሳ ሴት ናት፣ ዶማዋን አስደግፋ፣ "እማማ፣ አመመዎት እንዴ?" አለችኝ። "ደህና ነኝ፣ ፀሐዩ ነው" አልኳት። ፀሐይ ገና አልወጣም ነበር። እማማ ስትለኝም ገረመኝ፤ ሃምሳ እንኳ በቅጡ አልሞላኝም። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የምጽፈው እንደማወራው ነውና ፊደል ከሳትኩ ይቅር በሉኝ። ይህ ሽታ ግን እንዲሁ አይለቀኝም፣ አውቀዋለሁ።

ያኔ መርሳ ትንሽ ነበረች። ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ቤቶች፣ መናኸሪያዋ፣ ሁለት ሦስት ሻይ ቤት፤ ከዚያ ወዲያ የብርቱካንና የማንጎ ማሳ ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፈው አውቶቡስ ሲቆም ሴቶቹ ሳፋቸውን ተሸክመው መስኮቱን ይከቡታል፤ ብርቱካኑ በብር ስድስት፣ ሲረክስ ስምንት ነበር። ሻይ ቤቶቹ ካሴታቸውን እስከ ጥግ ከፍተው አንዱ ትዝታ ሲያንጎራጉር ሌላው አምባሰል ያስለቅቃል፤ መሀል አስፋልት ላይ የቆመ ሰው የትኛውን እንደሚሰማ ይቸግረዋል። እኔ ግራና ከምትባል መንደር ተድሬ ስመጣ አረንጓዴ ኮንጎ ጫማ አድርጌ፣ አበባ ያለበት ቀሚሴን ለብሼ፣ ሻሼን ወደ ኋላ አስሬ ነበር። ከተማ የገባሁ መስሎኝ ጫማዬን ሰው እንዲያይልኝ እግሬን አንስቼ እራመድ ነበር። ባለቤቴ ደምሴ ግንበኛ ነው። ከከተማው ዳር ቦታ ሲመሩት አሥራ ሁለት አባወራ ሆነን አዲስ ሰፈር ብለን ገባን። አሁን የት ነው ብትሉኝ መሀል ከተማ ነው የምላችሁ፤ ያኔ ግን ጅብ ከኛ ቀድሞ ነው የሚነሳው።

ከተራራው በቧንቧ የሚወርደው የምንጭ ውሃ አሮጌውን ከተማ እንኳ አያዳርስም፣ እኛ ጋ አይደርስም። ውሃ የሰጡን አያ ይማም ናቸው። አያ ይማም ከሰፈራችን ታች ማሳ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ የወንዙን ውሃ ለመስኖ ለሚጠቀሙት ገበሬዎች በተራ የሚያካፍሉ፣ የውሃ አባት የሚባሉ። የማን ማሳ መቼ እንደሚጠጣ፣ ማን የማንን ተራ እንደሰረቀ፣ በጥላ ለክተው ይፈርዳሉ። ሰፈራችን ሲቆረቆር መጡና እዚያ ካለው ሾላ ሥር ቆመው ዙሪያውን አዩት፤ "እዚህ ቆፍሩ፣ ለናቴ ሰደቃ ይሁንልኝ" አሉ። ቆፍሩ ብለው አልሄዱም፤ ልብሳቸውን አውልቀው ራሳቸው ገቡ። አንድ ወር ቆፈሩ። በአሥራ ስምንት ክንድ ላይ ውሃው ሲፈልቅ ከታች ሆነው "አልሐምዱሊላህ!" ሲሉ ድምፃቸው ከምድር ሆድ የወጣ መሰለን፤ እልል አልን። ያን ቀን የወጣው አፈር ነው ዛሬ ደጃፌ የተቆለለው፤ አንድ ሽታ ነው።

ጉድጓዱንም እንደ መስኖው ተራ አበጁለት። እያንዳንዱ ቤት ቀን አለው፤ ተራዋ የሆነች ሴት አፉን ትጠርጋለች፣ ገመዱን ታያለች፣ ባልዲው መሬት እንዳይነካ ትጠብቃለች። ከጉድጓዱ ሠላሳ እርምጃ ሳይርቅ ልብስ ማጠብ የለም፣ ከብት ማቆም የለም። በዓመት አንዴ፣ በጋው ሊያልቅ ሲል፣ ውሃውን ጨልፈን ጨርሰን ደለሉን እናወጣለን። ጎረቤቴ ፋጤ፣ ያን ጊዜም ምላሷ ምላጭ ነው፣ ተራዬ በሆነ ቀን ገመዱን እየሳበች "አንች የግራና ልጅ፣ ጫማሽን አውልቀሽ ጥረጊ፤ ጉድጓዱ ያንችን ኮንጎ ሳይሆን የኛን ባልዲ ነው የለመደው" ትለኝ ነበር። እንስቅ ነበር። የውሃው ጣዕም አሁንም አፌ ላይ አለ፤ ትንሽ ድንጋይ ድንጋይ ይላል፣ በጋ ላይ ጥርስ ያቀዘቅዛል።

እኔ ግን ፈሪ ነኝ፣ ድሮም ፈሪ ነኝ። ከልጄ ከሰናይት በፊት ሁለት ወልጄ አላደጉልኝም፤ ስለዚህ እሷን ሳሳድግ ጥላዋንም እጠራጠር ነበር። ሦስት ዓመቷ ላይ አንድ ቀን የጎረቤት ግልገል ጉድጓዱ ውስጥ ወደቀ። ግልገሉን አወጡት፣ ውሃውን ጨልፈው ደፉት፣ አለቀ፤ ለሌላው ሰው አለቀ። በሦስተኛው ቀን ሊጥ እያቦካሁ ቀና ስል ሰናይት የለችም። ሮጥኩ። ጉድጓዱ አፍ ላይ በሆዷ ተኝታ፣ አንገቷን ወደ ውስጥ አስገብታ፣ ታች ካለችው ከራሷ ፊት ጋር ታወራለች። "ነይ ውጪ፣ ነይ ውጪ" ትላታለች። እጄ ሊጥ እንደሆነ እግሯን ያዝኩ። ከዚያን ቀን በኋላ ጉድጓዱ በእንቅልፌ ውስጥ ገባ።

ብዙም ሳይቆይ ቦኖ መጣልን። ከከተማው ውጪ ትልቅ መኪና አቁመው መሬቱን ስንት ቀን ሲበሱት ከረሙ፤ እንደኛ በክንድ አይለካም፣ ጥልቅ ነው አሉን። በመብራት የሚሠራ ፓምፕ ገባለት፣ ጉብታው ላይ የሲሚንቶ ጋን ተሠራ፣ ሰፈራችን መሀል ሦስት አፍ ያለው ቦኖ ተተከለ። አንድ ጀሪካን አሥር ሳንቲም። ቧንቧው የተከፈተ ቀን ሴቶቹ የበዓል ልብሳቸውን ነው ለብሰው የመጡት፤ እኔ ነጭ ነጠላ አጣፍቻለሁ፣ ፋጤ አዲስ ሂጃብ አድርጋለች። ባለቦኖዋ ውሃውን ስትለቀው ጀሪካኑ ውስጥ እየዘለለ ሲገባ አጨበጨብን። ገመድ መሳብ ቀረ። እኔ ግን የማየው ያንን የተከፈተ አፍ ነው።

ይደፈን ብዬ የተነሳሁት እኔ ነኝ። ሰፈሩ ሾላው ሥር ተሰበሰበ። አያ ይማምም መጡ፤ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አጋድመው ተቀመጡ።

"ውሃ አይደፈንም" አሉ። "ውሃ መድፈን ነውር ነው። መክደኛ አብጁለት።"

"መክደኛውን ልጅ ያነሳዋል፣ አያ" አልኳቸው።

"ቁልፍ አድርጉበት።"

"ቁልፉ ተረስቶ ያድራል። አንቱ የርስዎ ልጆች አድገዋል፤ እኔ አንድ ናት ያለችኝ።"

ፋጤ ሳቀች፤ "ይቺ ሴት ከፈራች ወንዙንም ድፈኑልኝ ትላለች" አለች። ሰዉም ሳቀ። እኔ አለቀስኩ። እናት ስታለቅስ ማን ይከራከራል? አያ ይማም ምርኩዛቸውን አነሱና፣ "መብራት የሰው ነው፣ ይሄ የአላህ ነው። እናንተ ታውቃላችሁ" ብለው ሄዱ። ደፈንነው። ድንጋይ ሞላንበት፣ ቆሻሻም ገባበት፣ ከላይ ደምሴ በሲሚንቶ ለሰነው። ያን ቀን የመጀመሪያውን ድንጋይ የጣልኩት እኔ ነኝ፤ የወደቀበትን የውሃ ድምፅ ሰምቼ ደስ አለኝ፣ እውነቱን ልናገር።

ይህ ብቻ ቢሆን። በዓመቱ ሰፈሩ እየበዛ ሲሄድ መፀዳጃ ቸገረ። "ተቆፍሮ ያለቀ ጉድጓድ እያለን ሌላ ምን ያደክመናል?" ያለው ማን እንደሆነ አላስታውስም፤ ሁላችንም ነን። ሲሚንቶውን ሰብረን፣ ድንጋዩን አጋማሽ ድረስ አውጥተን፣ ለአራት ቤት የሚሆን መፀዳጃ ቤት ከላይ ሠራንበት። የአንድ ወር ቁፋሮ ቀረልን ብለን ተደሰትን። አያ ይማም በዚያ ሲያልፉ አዩትና ቆሙ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጄ፣ መሬት ከታች ግድግዳ የለውም" አሉኝ። አልገባኝም። ከዚያ ወዲያ በታች ባሉት ማሳዎች የነበሩትን የእጅ ጉድጓዶች ለመጠጥ አትጠቀሙ ብለው ለየቤቱ ዞረው ተናገሩ።

ዓመቱ እንዲህ ሄደ። አሥራ ሁለት አባወራ የነበርነው ሰፈር ሆንን፣ ሰፈሩ ቀበሌ ሆነ። ከጎረቤት ከተሞች፣ ከሐራም ከውርጌሳም ሰው መጣ፣ ፎቅ ተሠራ፣ ብርቱካኑ እየተነቀለ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ሆነ። ጀሪካኑ አሥር ሳንቲም የነበረው ሃምሳ፣ ከዚያ ብር ገባ። ውሃው በሳምንት ሁለቴ፣ ከዚያ አንዴ መምጣት ጀመረ፤ ጀሪካን አሰልፎ መሄድ፣ ተራ መጠበቅ፣ ተራ ተሰረቅኩ ብሎ መደባደብ ሆነ። ቤት ያለው ሁሉ ታንከር ገዛ፤ የሚቀዳበት ግን ያው አንድ ፓምፕ ነው። እኛ ግን አልፈራንም። ሰናይት አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ቁመቷ ደምሴን ደርሷል፣ ደብተሯን በፌስታል ይዛ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ ከፋጤ ልጅ ከሙና ጋር በአንድ ጃንጥላ ይመለሳሉ። እኔ ከበር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ሙና "እትዬ፣ ዛሬም አልጠፋችም!" እያለች ታሾፍብኛለች።

ጦርነቱ የመጣው እንደሚመጣ ነው፤ ስለሱ ሌላው ይጻፍ። እኔ የማውቀው መብራቱ እንደጠፋ ነው። በመጀመሪያው ቀን ማንም ልብ አላለውም። በሦስተኛው ቀን ጉብታው ላይ ያለው ጋን አለቀ፤ የቦኖው ቧንቧ ሲከፈት እንደታመመ ሰው ሳለና አየር ብቻ ተፋ። ከዚያ በኋላ ለወራት ጠብ አላለም፤ ከተራራው የሚወርደው የምንጭ ቧንቧም ከደረቀ ቆይቷል። ደምሴ በቀደመው ሳምንት ለሥራ ደሴ ሄዶ ነበር፤ መንገዱ ተዘጋና እዚያው ቀረ፣ ስልክም የለም። የሌላውም ቤት ወንድ እንዲሁ ወጥቶ ቀረ፤ መንደሩ የሴትና የሽማግሌ ሆነ። አንድ ቀን ሰዎች መፀዳጃ ቤቱ ፊት ቆመው "ይሄን ጉድጓድ ብንከፍተው" ሲሉ ሰማሁ። አያ ይማም ጉልበታቸው ደክሞ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። "የሰው ልጅ እድሜ አያጠራውም" አሉ። ማንም ወደኔ አላየም። ያ አለማየታቸው እስከ ዛሬ ጀርባዬን ይበላኛል።

አያ ይማም ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም። አስፋልቱ ወንዙን ከሚሻገርበት ድልድይ በላይ፣ አንድ ሰዓት ሽቅብ በእግር፣ ወንዙ አሸዋ ላይ የሚሰፋበት ቦታ ያውቃሉ። ከወንዙ ዳር አሸዋውን በእጅ መጫር፣ ውሃው ጠልሎ እስኪመጣ መጠበቅ፤ ሦስቴ ጨልፎ መድፋት፣ አራተኛውን መቅዳት። እንዲህ ብለው አስተማሩ። በየማለዳው ሴቶችና ሴት ልጆች ሃያ ሠላሳ ሆነው ይወጣሉ፤ ከፊት አያ ይማም ምርኩዛቸውን ይዘው። መንገዱ ላይ የታጠቁ ሰዎች አሉ፤ ለዚህ ነው ተሰብስበው የሚሄዱት። ፋጤ መጣችና፣ "ነገ እንውጣ፣ ሰናይትም ከሙና ጋር ትሂድ" አለችኝ።

"አልሰጥም" አልኳት።

"ሰርግ ጠሪ መሰልኩሽ እንዴ? ውሃ ነው ያልኩሽ!"

"ልጄን በዚያ መንገድ አላሳልፍም፣ ፋጤ። እሷን ትቼም አልሄድም።"

"አንች ብቻ ነሽ የወለድሽ? የኔን ሙናን ከጭቃ ነው የሠራኋት?"

ሰናይት ከጓዳ ወጥታ፣ "እማዬ፣ እኔም ልሂድ እንጂ፤ አያ ይማም እኮ ከፊት አሉ" አለች። ጮህኩባት። ፋጤ ተቆጥታ ወጣች፤ ማታውኑ ግን ከቀዳችው አንድ ጆግ ይዛ ተመለሰች። "አብሽሪ፣ ከኔ ትወስጃለሽ" አለች። ሁለት ቀን ወሰድኩ። በሦስተኛው ቀን ሰባት ሆነው ከሚጠጡት ላይ መውሰድ አፈርኩ። በቃኝ፣ አለኝ አልኳት። የለኝም ነበር። በእኩለ ቀን፣ ሰው ሁሉ ከሙቀቱ በሚሸሸግበት ሰዓት፣ ሰናይትን በሩን ከውጭ ቆልፌባት እየሮጥኩ ድልድዩ ሥር ካለው ኩሬ እቀዳ ጀመር። ቅርብ ነው፤ ጀሪካን ሞልቼ እስክመለስ ልቤ ይመታል እንጂ አያደክምም። ከላይ ወታደርም በቅሎም ይሻገርበታል፣ ልብስም ይታጠብበታል። ላፈላው ነበር ሐሳቤ። አፈላሁም፣ ከሰልና እንጨቱ እስኪያልቅ። ካለቀ በኋላ በነጠላ እያጠለልኩ አሳድረው ነበር፤ ጠዋት ሲታይ ጥሩ ይመስላል። ሰናይት ትጠይቀኛለች፤ "እማዬ፣ ይሄ ከፋጤ ነው?" "አዎ፣ ጠጪ" እላታለሁ።

አንድ ማለዳ ሆዷን ያዛት። ረፋዱ ላይ መቆም አቃታት። አዝዬ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ያን ቁመቷን አዝዬ። በሩ ተሰብሯል፣ መደርደሪያው ባዶ ነው። አንዲት ነርስ ብቻ ባዶ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላ አገኘኋት፤ የሰናይትን ቆዳ ቆንጥጣ አየችና ዐይኗን ከደነች። "መድኃኒት የለኝም" አለች። "የሚያድናት ውሃ ነው። ጨውና ስኳር ጨምረሽ፣ በየጊዜው፣ ሳትሰለቺ አጠጫት።" ስኳር በከተማው አልነበረም። ጨው አለኝ። የትኛውን ውሃ እንደማጠጣት አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም። ቤት መልሼ አስተኛኋትና በማንኪያ አጠጣኋት፣ ትፋዋለች፣ ደግሜ አጠጣታለሁ። ሳትሰለቺ ብላኛለች፤ አልሰለቸሁም። አመሻሽ ላይ ፋጤ ሰምታ መጣች። ጀሪካኑን አንስታ አሸተተችው።

"ከየት ነው ይሄ?"

ማንኪያውን ወደ ሰናይት አፍ መለስኩ።

"አንች ሴት፣ ከየት ነው ይሄ?"

"ከድልድዩ ሥር።"

ትሰድበኛለች ብዬ አንገቴን አቀረቀርኩ። አልሰደበችኝም። ጀሪካኑን ይዛ ወጥታ ደጅ ላይ ስትደፋው ሰማሁ፤ ከቤቷ ያላትን ይዛ ተመለሰች። የተቀመጥኩባትን በርጩማ በጠገራ ፈልጣ እሳት አነደደችና አፈላች። ሌሊቱን ሁለት ሆነን አጠጣናት። ማለዳ ላይ የሚተፋ ነገር እንኳ አልነበራትም። አያ ይማም ከሌሎቹ ቀድመው፣ ለብቻቸው፣ በዚያ ጉልበታቸው ወንዙን ሽቅብ ወጥተው ኖሯል። ረፋዱ ላይ ትንሿን ጀሪካን አንግተው ገቡ። "አራተኛው ነው" አሉ። ሰናይት በማንኪያ ሁለቴ ጎረሰች። "ቀዝቃዛ ነው" አለች። ሌላ አላለችም። ከዚያ ዐይኗ እኔ ላይ ነበር፣ ቀስ እያለ እኔ ላይ መሆኑ ቀረ።

ሬሳ ሳይታጠብ አይቀበርም። ሴቶቹ ተሰበሰቡና እርስ በርስ ተያዩ፤ በቤቴ ውስጥ ያለችው ያቺ ትንሽ ጀሪካን ናት፣ አታዳርስም። ማንም ማንንም አላዘዘም። አንዷ ወጣች፣ ሌላዋ ተከተለች። አንዷ በጆግ፣ አንዷ በድስት፣ አንዷ ለሕፃኗ ያስቀመጠችውን በጡጦ ይዛ መጣች። ፋጤ ሙሉ ጀሪካን ተሸክማ ስትገባ ሙና ከኋላዋ ታለቅስ ነበር። አያ ይማም የውዱ ማድረጊያ ማንቆርቆሪያቸውን ከነውሃው ደፉ ላይ አስቀመጡት።

"አያ፣ ይሄ የሶላትዎ ነው" አልኳቸው።

"እኔ በአፈር ተይሙም አድርጌ እሰግዳለሁ፣ ልጄ። እሷን ግን በአፈር አናጥባትም።"

አጠቧት። ፀጉሯን ሁለቴ አጠቡላት። በዚያ ሁሉ ወር በቤታችን ያን ያህል ውሃ አንድ ላይ ቆሞ አላየችም ነበር። ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ወስደን ቀበርናት፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ተሸከማት፤ አባቷ ግን አልነበረም።

ከቀብር ስንመለስ ያልተነካ ውሃ ጥግ ላይ ተርፎ ነበር፤ አንድ ጀሪካን ተኩል ይሆናል። "ውሰዱት፣ ልጆቻችሁ ተጠምተዋል" አልኳቸው። ሴቶቹ መሬት መሬቱን አዩ፤ የሰጠችውን መልሳ ልትወስድ የተነሳች የለችም። ከረፋዱ ጀምሬ ስጮህ ውዬ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቋል፣ ድምፄ ጠፍቷል። ፋጤ ጎንበስ ብላ በጣሳ ቀዳችና አፌ ላይ ያዘችልኝ። "አልጠጣም" አልኳት፤ "የሷ ነው።" ጣሳውን አላነሳችም። ከንፈሬ ሲርስ እጄ ራሱ ተነስቶ ያዘው። እስከ ታች ጠጣሁት። ጨርሼ፣ ድገሚኝ አልኳት።